«ልጄን ከሆስፒታል ይዤው ልውጣ ወይ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ትኩሳቱ አልበርድ ሲል ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ የሳንባ ምች ነው ብለው መርፌ ጀመሩለት። በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሽ አጠረው፣ ጎረቤት በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። ራጅ ተነስቶ ‹የቀኝ ሳንባው ኮላፕስ አድርጓል› አሉኝና ጎኑን በስተው ጎማ አስገቡለት። ይኸው አምስተኛ ቀናችን ነው። መጀመሪያ ጠርሙሱ ቡልቅ ቡልቅ ይል ነበር፣ ከትናንት ወዲህ ዝም ብሏል። አንዷ ነርስ ጥሩ ነው አለችኝ። ማታ የመጣው ሐኪም ግን ግንባሩን ቋጥሮ አየውና ምንም ሳይለኝ ሄደ። በየቀኑ የሚያየው ሐኪም ሌላ ነው። ልጄ ሲያስል ጎኑን ይዞ ይጮኻል፣ ማስታገሻ ስጡልኝ ስል ‹ታገሺ፣ ሁሉም እንዲህ ነው› ይሉኛል። እህቴ ያለሽን ሸጠሽም ቢሆን ግል ውሰጂው ትላለች። አማቴ ጠበል ትላለች። አብዝቼ ከጠየቅኩ ደግሞ ልጄን ይጠምዱብኛል ብዬ እፈራለሁ። ብርድ ያስመታሁት እኔ ነኝ፣ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ነበር። ይዤው ልውጣ ወይስ ልተወው? ግራ የገባት እናት።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ዋናውን ልመልስልሽ። ይዘሽው አትውጪ። ጎኑ ላይ ጎማ ያለ ልጅ በታክሲም በጎረቤት መኪናም ከቦታ ቦታ አይጓዝም። ጎማው ቢነቀል ወይም ጠርሙሱ ቢገለበጥ አየር እንደገና ደረቱ ውስጥ ሊገባና ሳንባውን ሊጫነው ይችላል። ይህ የሆነው ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ቆማችሁ ሳለ ቢሆን ማን ይደርስልሻል? ሆስፒታል መቀየር ካለበት የሚቀየርበት ሥርዓት አለ፣ ቆይቼ እነግርሻለሁ። ግን «ልተወው» ያልሽውንም አልቀበልም፣ መተው ማለት ጥግ ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ ከሆነ እሱም ልጅሽን ይጎዳዋል። እዚያው ሆነሽ ትጠይቂያለሽ። መልስ ካላገኘሽ ደግመሽ ትጠይቂያለሽ።

ይጠምዱብኛል ላልሽው አልዋሽሽም። ሕፃናት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ ብዙ የምትጠይቅ እናት አንዳንዴ ታሰለቻለች፣ በተለይ አንድ ነርስ ለብዙ አልጋ ብቻዋን ስትሮጥ። ግን ልጁ ላይ ለውጥ ሲመጣ ከሁሉም ቀድማ የምታየው ያቺው እናት ናት። ሐኪሙ በቀን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚያየው፣ አንቺ ሌት ተቀን አጠገቡ ነሽ። የምታዪው ነገር ለእነሱም ያስፈልጋቸዋል።

የመስኮቱን ነገር ደግሞ ከራስሽ ላይ አውርጂው። የመስኮት ንፋስ ሳንባ አይበሳም። ሳንባ ከደረት ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው፣ በመካከላቸው በጣም ጠባብ ክፍተት አለ። ያ ክፍተት ውስጥ አየር ወይም መግል ሲገባ ሳንባው የሚለጠጥበት ቦታ ያጣና ይኮማተራል። ኮላፕስ አደረገ የሚሉሽ ይህን ነው። ልጆች ላይ ከባድ የሳንባ ምች ሲመጣ፣ በተለይ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነ፣ የሳንባውን ሥጋ ይጎዳውና አየር የሚያሾልክ ቀዳዳ ይከፍታል። ይህን ያመጣው ጀርም ነው። እንዲያውም በታጨቀ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት መከፈቱ ይሻላል፣ የሳል በሽታ የሚዛመተው በታፈነ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። በጣም ያስጨነቀሽ እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ።

ከጎኑ የወጣው ጎማ ጫፉ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ውሃ ሥር ነው። ልጅ ለስላሳ ሲጠጣ በስትሮው ቢነፋበት አየሩ ቡልቅ ብሎ ይወጣል፣ በዚያው ግን ተመልሶ አይገባም፣ ውሃው ይዘጋዋል። የጠርሙሱም አሠራር እንደዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡልቅ ቡልቅ ሲል የነበረው ደረቱ ውስጥ የተጠራቀመው አየር እየወጣ ነው። ዝም ሲል ግን ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ነርሷና የማታው ሐኪም የተለያየ ፊት ያሳዩሽም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ወይ የሚያፈሰው ቀዳዳ ተዘግቶ ሳንባው እየተከፈተ ነው፣ ይህ ደስ የሚል ነው። ወይ ደግሞ ጎማው ታጥፏል፣ አለዚያም በመግልና በደም ተደፍኗል፣ አየሩ ግን ገና ውስጥ አለ።

ጎንበስ በዪና ጠርሙሱ ውስጥ የገባችውን ቀጭን ቱቦ ልብ ብለሽ እያት። ልጁ ሲተነፍስ ቱቦዋ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል? ሲያስልስ ዘለል ይላል? ከሆነ ጎማው ክፍት ነው። ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ከልጁ ጎን ጀምረሽ እስከ ጠርሙሱ ድረስ ጎማውን በዓይንሽ ተከተይው። ብርድ ልብስ ሥር ታጥፎ፣ በአልጋው ብረት ተቆንጥጦ ወይም ልጁ ተኝቶበት ሊሆን ይችላል። ተቃንቶም ካልተንቀሳቀሰ ነርስ ጥሪ። ሳንባው ሙሉ በሙሉ ሲከፈትም ውሃው መንቀሳቀሱን ሊያቆም ስለሚችል ፍርዱን አንቺ አትስጪ፣ እሱ የራጁና የሐኪሙ ነው። አንቺ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፦ «ከትናንት ጀምሮ ቡልቅታው ቆሟል፣ ውሃውም አይንቀሳቀስም።» እንዲህ ተብሎ የተነገረውን ነገር ማንም ሐኪም ዝም ብሎ አያልፈውም፣ «ጠርሙሱ ምን ሆኖ ነው?» ከማለት በጣም ይሻላል።

ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከደረቱ በታች ይሁን። አልጋው ላይ አታስቀምጪው፣ ሽንት ቤት ስትወስጂውም ከወገቡ በታች አድርገሽ ያዢለት፣ ለማስተላለፍ ብላችሁ በልጁ ላይ ወደ ላይ አታንሱት። ቡልቅ እያለ ያለ ጎማ ለራጅ ሲወሰድም ቢሆን በመቆንጠጫ አይዘጋም፤ ሊዘጋ ሲል ካየሽ «ይህ ቡልቅ ይላል እኮ፣ ይዘጋል ወይ?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። ድንገት ጎማው ከጎኑ ቢነቀል ቀዳዳውን በንጹሕ ጋውዝ፣ እሱ ከሌለ በእጅሽ ሸፍነሽ ባለሽ ድምፅ ተጣሪ። ያኔ ይሉኝታ የለም።

ሌሊትም ይሁን ቀን ሳትጠብቂ የምትጠሪባቸው ምልክቶች አሉ። ትንፋሹ ከቀድሞው ፈጥኖ የጎድን አጥንቶቹ መሃል ወደ ውስጥ ሲሰረጎድ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ትንፋሽ ባወጣ ቁጥር ሲያቃስት። ጎማው በገባበት አካባቢ ወይም አንገቱ ላይ ቆዳው አብጦ ሲነኩት ሲንኮሻኮሽ ደግሞ አየር ቆዳ ሥር ገብቷል ማለት ነው። እኔን ከጩኸት ይልቅ የሚያስፈራኝ የሚጮኸው ልጅ ድንገት ዝም ማለቱ ነው። ትንፋሽ እያጠረው የሚያንቀላፋና ስትጠሪው እንደ ልቡ የማይመልስ ልጅ ተኝቶልኝ ነው ተብሎ አይተውም።

ጣቱ ላይ የሚሰኩት መሣሪያ የሚያሳየውን የደሙን ኦክስጅን ቁጥር ስታፈጥጪበት እንደምትውዪ እገምታለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤነኛውም ቁጥር ከቆላ ሰው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን የሚሰጠው ከ90 በታች ሲወርድ ነው። እጁ ከቀዘቀዘ ወይም ከተወራጨ መሣሪያው ይሳሳታል፣ ስለዚህ እጁን አሙቂና እንደገና ይለካ። ከቁጥሩ ይልቅ የልጁን ደረትና ፊት እዪ።

«ታገሺ፣ ሁሉም እንዲህ ነው» ያሉሽ ነገር አናዶኛል። አዎ፣ ጎማው ያማል፣ ሁሉንም ያማል፤ ለዚያ ነው ማስታገሻ የሚታዘዘው። ነገሩ የማባበል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎኑን የሚያመው ልጅ በደንብ አይተነፍስም፣ ሳሉን ይውጠዋል፣ አክታው ይጠራቀማል፣ ሳንባውም አይከፈትም። ማስታገሻው የሕክምናው አካል ነው። ስለዚህ «ያመዋል» ብለሽ አትተዪው። «ማስታገሻ ቻርቱ ላይ ታዟል? በስንት ሰዓቱ ነው? የመጨረሻው መቼ ተሰጠው?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ «ሲያመው ይሰጠው» ተብሎ ይታዘዝና ሲያመው ጠያቂ ጠፍቶ ይቀራል። እንደዚያ ከሆነ በሰዓቱ እንዲሰጠው እንዲታዘዝልሽ ሐኪሙን ለምኚ። ከውጭ ገዝተሽ ግን በድብቅ አትስጪው። ፓራሲታሞል በደም ሥሩ ወስዶ ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ከደረብሽበት ጉበቱን ይጎዳዋል።

አንቺ ልታደርጊው የምትችይው ሌላ ነገር አለ። ሊያስል ሲል ጋቢ ወይም ነጠላ ወፈር አድርገሽ አጣጥፊና ጎማው ያለበትን ጎን ሳትጫኚ ደገፍ አድርገሽ አሳቅፊው። ሕመሙ ይቀንስለታል፣ ሳሉንም አይፈራውም። ቀና ብሎ ይቀመጥ። ሐኪሙ ከፈቀደ ጠርሙሱን ይዘሽለት ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይበል። የሳሙና አረፋ መንፋት ጥሩ የትንፋሽ ሥራ ነው፣ አየር ማፍሰሱ እስኪቆም ይጠበቅ እንደሆነ ግን መጀመሪያ ጠይቂ።

ሐኪሙ በየቀኑ መቀያየሩ እውነት ነው፣ በሥልጠና ላይ ያሉት ሐኪሞች፣ ሬዚደንቶቹም ኢንተርኖቹም፣ በተራ ነው የሚገቡት። ግን ከሁሉም በላይ ለልጅሽ ኃላፊነት ያለበት ሲኒየር ሐኪም አለ። «የዚህ አልጋ ሲኒየር ማን ነው? ራውንድ የሚገባውስ መቼ ነው?» በዪ። ራውንድ፣ ሐኪሞቹ በየአልጋው እየዞሩ የሚያዩበት ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው፣ በዚያ ሰዓት ለቁርስም ለስልክም ከአልጋው አትራቂ፣ የሚተካሽ ሰው ካለም አንቺው ሁኚ። አንድ ደብተር ግዢ። ቀኑን፣ ትኩሳቱን፣ የሚወስደውን መድኃኒት ስምና ማን ምን እንዳለሽ ጻፊ። ጥያቄውንም ማታ ጻፊው፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ተሰብስቦ ሲቆም ሁሉም ነገር ከራስ ይጠፋል። እኔ ብሆን የምጠይቀው ይህን ነበር፦ «የመጨረሻው ራጅ ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ሳንባው ምን ያህል ተከፍቷል? የወጣው አየር ብቻ ነው ወይስ መግልም አለ? ጎማው የሚወጣው ምን ሲሆን ነው?» አምስት ቀን ረዘመ ብለሽ ደግሞ አትደንግጪ፣ በሳንባ ምች የመጣ ኮላፕስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ትኩሳቱ መድኃኒት ተቀይሮለት ከ2 እስከ 3 ቀን ውስጥ ካልወረደ፣ ወይም አየሩ ቀን በቀን መፍሰሱን ካላቆመ ግን «የደረት ቀዶ ሐኪም ይየው ወይ? አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ማንሳት መብትሽ ነው።

መልስ የሚሰጥሽ ካጣሽ ወደ ዎርዱ ኃላፊ ነርስ ሂጂ። እዚያም ካልሆነ የሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ክፍል አለ። ስትሄጂ «እገሌ ክፉ ነው» አትበዪ፣ ነገሩን ተናገሪ፦ «ልጄ ከትናንት ጀምሮ ማስታገሻ አልተሰጠውም፣ የራጁም ውጤት አልተነገረኝም።»

ሳልረሳው፣ ሐኪሞቹ ካልጠየቁሽ አንቺ የምትነግሪያቸው ሁለት ነገር አለ። ሳሉ ከመጀመሩ በፊት ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ እየበላ፣ ወይም የእስክሪብቶ ክዳን አፉ ውስጥ ይዞ ትን ብሎት ያውቃል? እየሳቀ እየሮጠ ቆሎ የሚቅም ልጅ ፍሬዋ ወደ አየር ቧንቧው ልትገባበት ትችላለች፣ ቆሎ ደግሞ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ትንሽ ብትጠረጥሪም ተናገሪ። ሌላው፣ ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ሰው አለ? የቲቢ መድኃኒት የወሰደስ? ይህን አፍረሽ አትደብቂው፣ የልጅሽን ሕክምና ሊቀይረው ይችላል።

እህትሽ ግል ውሰጂው ማለቷ ከፍቅር ነው፣ አትቀየሚያት። ግን ንጹሕ ክፍልና ፈጣን ካርድ ክፍል ሳንባ አይከፍትም። የምትጠይቂው ሌሊት የሕፃናት ሐኪም አለ ወይ፣ የልጆች ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ ወይ፣ ቀዶ ሐኪም ይገኛል ወይ የሚለውን ነው። ብዙ የግል ሆስፒታል ነገሩ ሲከብድ ራሱ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል፣ ያኔ ገንዘቡ አልቆ ሳለ መልሰሽ እዚያው ትመጫለሽ። ማዛወር ካስፈለገ ሐኪሙ ሪፈር ይጽፋል፣ ላይዘን የሚባለው የሆስፒታሉ የሪፈር ጉዳይ ክፍል የሚቀበለው ቦታ አልጋ መኖሩን ደውሎ ያረጋግጣል፣ ልጁም ኦክስጅንና ባለሙያ ባለበት አምቡላንስ ይሄዳል። እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ የደረት ቀዶ ሐኪም ያላቸው ሆስፒታሎች ጋ የሚደረሰውም በዚሁ መንገድ ነው። አልጋ ሳይያዝ በራስሽ ብትወስጂው በር ላይ ልትንገላቺ ትችያለሽ።

አማትሽን አትጋፊያት። ጠበሉ ይምጣለት፣ ካህኑም መጥተው አልጋው አጠገብ ይጸልዩለት፣ አብዛኛው ሆስፒታል ይህን አይከለክልም። ሁለት ነገር ብቻ አስረጂያት። ጎማውና ፋሻው ላይ ውሃ አይርከፈከፍም። ትንፋሽ እያጠረውም ጋድም ብሎ ምንም አይጠጣም፣ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ቀና ብሎ፣ ሐኪሙ ምግብና መጠጥ ፈቅዶለት ከሆነ፣ ጥቂት ይቅመስ። በዚህ መሃል መድኃኒቱ አንድም ሰዓት አይዘለል።

ገንዘቡን በአጭሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ደብተሩን ዛሬውኑ አስመጪና የመድን ክፍሉን አነጋግሪ። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሲሉሽ ከመክፈልሽ በፊት በመድኑ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቂ፣ በእጅሽ የምትገዢ ከሆነ የከተማው አስተዳደር የሆኑትን ከነማ መድኃኒት ቤቶችን አስቀድሚ፣ ዋጋቸው ይሻላል። ደረሰኙን ደብተሩ ውስጥ አድርጊው። አቅም ካጠረሽ የሆስፒታሉ ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አለ፣ አትፈሪ።

ጎማው ወጥቶ ቤት ስትገቡ፣ ያንቺ ቤት ከከተማው ዳር ነውና ከመውጣታችሁ በፊት ሌሊት ቢያመው በማን መኪና የት እንደምትሄዱ ወስኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፣ ስልክሽ ላይ ያዢው። ቁስሉ እስኪደርቅ ውሃ አይንካው። አንቲባዮቲኩን ደህና ሆነ ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ የተባለው ቀን ድረስ ይጨርሰው። ለድጋሚ ራጅ የተሰጠሽ ቀጠሮ ልጁ እየሮጠም ቢሆን አይቀርም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በከሰል አብስሉ አልልም፣ ከሰል የምታያይዙ ከሆነ ግን ልጁ ባለበት ክፍል አይሁን፣ ሲጋራም ቤት ውስጥ አይጨስ። ኳሱንና ትግሉን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ፣ የአውሮፕላን ጉዞ ካላችሁም ሳይጠየቅ አይደረግ።

አንቺም ትንሽ ብዪ፣ ትንሽም ተኚ። እህትሽ ስለ ግል ሆስፒታል ከምትከራከር አንድ ሌሊት ተክታሽ ትደር፤ ጠርሙሱን እንዴት እንደምታየው አሳያት። ነገ ራውንድ ላይ መጀመሪያ ማስታገሻውን አንሺ፣ ቀጥሎ ራጁን። ያሉሽን ጻፊልኝ፣ ያልገባሽ ቃል ካለ አብረን እናየዋለን።